ፍጥነት ያነገሠው ክንድ፣ ፍጥነት የሰበረው ክርን

የቤዝቦል ወርዋሪው ጄከብ ዲግሮም በዲሴምበር 2022 ከአሜሪካው ክለብ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር የፈረመው የ5 ዓመት ውል 185 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀጣዩ የውድድር ዓመት ግን ለአዲሱ ክለቡ የወረወረው በስድስት ጨዋታዎች ብቻ ነው። በእነዚያ ስድስት ጨዋታዎች 45 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ (ሦስት ጊዜ የመምታት ዕድላቸውን አክሽፎ) አሰናብቶ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ክርኑን ይዞ ከሜዳ ወጣ። በጁን ወር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በዚያው ዓመት መኸር ሬንጀርስ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን የወርልድ ሲሪስ (የሊጉን የፍጻሜ ውድድር) ዋንጫ ሲያነሣ፣ ክለቡ ከሁሉ አብልጦ ተስፋ የጣለበት ወርዋሪ ገና በማገገም ላይ ነበር።

ዕድለ ቢስ ሆነ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የዲግሮም ጉዳት የአንድ ሰው ክፉ ዕድል ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ዛሬ በአሜሪካ ቤዝቦል ወርዋሪውን ወደ ላይ የሚያወጣው ፍጥነት ክርኑን የሚበጥሰውም ነው። ይባስ ብሎ ከፍጥነቱ ትርፍ የሚያገኘውና የጉዳቱን ዕዳ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ክለቦች ያተርፋሉ፤ ዕዳው ስማቸው በጋዜጣ ወጥቶ በማያውቅ ወጣቶች ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ቤዝቦልን በቅርበት ለማይከታተል አንባቢ ጥቂት ልበል። ወርዋሪው ከፍ ካለ የአፈር ጉብታ ላይ ሆኖ 145 ግራም ገደማ የምትመዝን ኳስ 18.44 ሜትር ርቆ ወደቆመው መቺ ይወረውራል። ርቀቱ ከ1893 ወዲህ አልተለወጠም። ኳሷ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር ስትበር መቺው ዘንድ ለመድረስ ከሰከንድ 4 አሥረኛ ያህል ብቻ ይፈጅባታል። መቺው በዚህ ቅጽበት ውስጥ ኳሷን አይቶ፣ አቅጣጫዋን ገምቶ፣ ለመምታት ወስኖ ዱላውን ማንቀሳቀስ አለበት። ፍጥነቱ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲጨምር መቺው የሚያጣው ከሰከንድ መቶኛ ያልበለጠ ጊዜ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ግን ያቺው ቅንጣት ጊዜ በመምታትና በመሳት መካከል ትቆማለች። ክለቦች ፍጥነትን የሚያሳድዱት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ፍጥነት በእርግጥም ስለሚሠራ ነው።

የዲግሮም ጉዞ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ኮሌጅ ሲገባ ወርዋሪ አልነበረም፤ በሜዳው መካከል የሚጫወት ተከላካይ ነበር። በ2010 የኒው ዮርክ ሜትስ በዘጠነኛው ዙር ምልመላ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የክርን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዋናውን ሊግ (ሜጀር ሊግን) የተቀላቀለው በ2014 በ25 ዓመቱ ነው፤ ለወርዋሪ ዘግየት ያለ ዕድሜ ነው። ያን ጊዜ ፈጣን ኳሱ በአማካይ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። አብዛኛው ወርዋሪ 30 ዓመት ሲያልፈው ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። የእሱ ግን በተቃራኒው ጨመረ። በ2018 እና በ2019 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። በ2021፣ በ33 ዓመቱ፣ አማካይ ፍጥነቱ 160 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ በዘጠኝ ዙር፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ ሲሰላ በእሱ ላይ የሚቆጠረው ነጥብ ወደ 1.08 ወረደ። ማንም ሊያምነው የሚከብድ አኃዝ ነው። ከጁላይ መጀመሪያ በኋላ ግን በዚያ ዓመት አንድም ኳስ በውድድር አልወረወረም። ክንዱ እንቢ አለው።

በክርን ውስጥ የሚሆነውን በቅርብ እንየው። የላይኛውን የክንድ አጥንት ከታችኛው ጋር በውስጥ በኩል የሚያስተሳስር፣ ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሆነ ጅማት አለ። ወርዋሪው እግሩን አንሥቶ፣ ወደ ፊት ተራምዶ፣ ወገቡንና ደረቱን ሲያዞር ክንዱ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይቀራል። ከዚያ ትከሻው ክንዱን ወደ ፊት ይወነጭፈዋል። ይህ መሽከርከር በሰከንድ ከ7 ሺህ ዲግሪ ይበልጣል፤ በሰው አካል ላይ ከተለኩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ፈጣኑ እንደሆነ ይነገርለታል። ክንዱ ከኋላ ወደ ፊት በሚዞርባት ቅጽበት ክርኑ ወደ ውጭ ሊከፈት ይታገላል፤ እንዳይከፈት የሚይዘው ያ ጅማት ነው። በአላባማ በርሚንግሃም ያሉ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እንደለኩት፣ በአንድ ጠንካራ ውርወራ ክርን ላይ የሚያርፈው የመጠምዘዝ ኃይል 64 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከሟቾች አካል ተወስዶ በላብራቶሪ የተፈተነው ጅማት ግን የሚበጠሰው በዚህ ግማሽ ገደማ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍኑት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ሲደክሙ ሸክሙ በሙሉ ወደ ጅማቱ ይዞራል። ጡንቻ በልምምድ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን እንደ ጡንቻ አይፋፋም። የዘመኑ ወርዋሪ እግሩን፣ ወገቡንና ትከሻውን በብረት አፈርጥሞ ኃይሉን ሲያሳድግ፣ ኃይሉን ሁሉ የሚቀበለው ጅማት አባቱ ከነበረው ብዙም የተለየ አይደለም።

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ራሱ ይህንን በዲሴምበር 2024 ባወጣው ባለ 62 ገጽ ሪፖርት አምኗል። ከ200 በላይ ባለሙያዎች፣ ሐኪሞች፣ አሠልጣኞችና የቀድሞ ወርዋሪዎች ተጠይቀውበታል። በሪፖርቱ መሠረት የፈጣን ኳስ አማካይ ፍጥነት በ2008 ከነበረበት 147 ኪሎ ሜትር ገደማ በ2024 ወደ 152 ገደማ ወጥቷል። በዋናውና ወጣቶች ወደ እሱ በሚያድጉባቸው ታችኞቹ ሊጎች ለወርዋሪዎች የተደረገው የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና በ2010 104 ነበር፤ በ2024 281 ደርሷል። በ2005 ወርዋሪዎች በጉዳተኞች ዝርዝር የገቡት 212 ጊዜ ሲሆን በ2024 ቁጥሩ 485 ሆኗል። ሪፖርቱ ሦስት ነገሮችን ደጋግሞ ያነሣል፤ ፍጥነትን ማሳደድ፣ ኳሷ በአየር ላይ ይበልጥ እንድትጠመዘዝ የሚደረገው ጥረት፣ እንዲሁም እያንዳንዱን ኳስ በሙሉ ኃይል መወርወር።

ሦስተኛውን ነጥብ ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የድሮ ወርዋሪ ዘጠኝ ዙር ሊጨርስ ስለሚገባ ኃይሉን ይቆጥብ ነበር። ደካማ መቺ ሲመጣ ለዘብ አድርጎ ወርውሮ፣ ሙሉ ጉልበቱን ለክፉ ሰዓት ያቆየው ነበር። በ1974 በዋናው ሊግ አንድ ወርዋሪ ብቻውን ጀምሮ የጨረሳቸው ጨዋታዎች ከሺህ በላይ ነበሩ፤ በ2024 በመላው ሊግ 28 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት 200 ዙር የሞሉት ወርዋሪዎች አራት ነበሩ። አሠልጣኙ የሚጠብቀው አምስት ዙር ያህል በሙሉ ኃይል እንዲወረውርና ከኋላው ላሉት ትኩስ ክንዶች እንዲለቅ ነው። እንዲህ ባለ ጨዋታ ኃይል መቆጠብ እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። በዋናው ሊግ የ2025 ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ 760 ሺህ ዶላር ነበር። ከዋናው ሊግ በአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ወጣት ግን፣ በ2023 የታችኛው ሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት ፈርመው እንኳ፣ በዓመት የተመደበለት ክፍያ 35,800 ዶላር ነበር። ከዚያ በፊት ግማሹን ያህል ነበር። ይህንን ገደል የሚያሻግረው ድልድይ ፍጥነት ነው። 150 የሚወረውር ጥበበኛ ልጅ ማንም ሳያየው ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ 160 የወረወረውን ግን በማግስቱ ያዩታል። በዋናው ሊግ ሳለ የተጎዳ ተጫዋች ደመወዙም የአገልግሎት ዘመኑም ይቆጠርለታል። በታችኛው ሊግ ጅማቱ የተበጠሰበት ግን ለማገገም ከ12 እስከ 18 ወር ይወስድበታል፤ ሲመለስ ቦታውን ሌላ ፈጣን ልጅ ይዞት ያገኘዋል። እናም ወጣቱ የሚያደርገው ስሌት ፍጹም ምክንያታዊ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን በሙሉ ኃይሌ እወረውር ነበር። ጥፋቱን ልጁ ላይ መለጠፍ ይህንን ስሌት ያወጡለትን ሰዎች ነጻ ማውጣት ነው።

ታሪኩን ለማየት ወደ 1974 መመለስ ያስፈልጋል። ቶሚ ጆን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ወርዋሪ ነበር። በዚያ ዓመት 13 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ሳለ፣ ጁላይ 17 ከሞንትሪያል ጋር ሲጫወት የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ። እስከዚያ ዘመን ድረስ እንዲህ ያለ ጉዳት የሙያው ፍጻሜ ነበር። የዚያው ክለብ ታላቅ ወርዋሪ የነበረው ሳንዲ ኩፋክስ በ1966 27 ጨዋታ አሸንፎ ሳለ በክርን ሕመም ምክንያት በ30 ዓመቱ ኳስ ሰቅሏል። የክለቡ ሐኪም ዶክተር ፍራንክ ጆብ ግን በሴፕቴምበር 25 ያልተሞከረ ነገር ሞከሩ። ከቶሚ ጆን ቀኝ ክንድ ጅማት ወስደው፣ በግራ ክርኑ አጥንቶች ላይ ቀዳዳ በስተው፣ ጅማቱን በቀዳዳዎቹ አሹልከው አሰሩት። አውራ ጣትዎንና ትንሿን ጣትዎን አገናኝተው እጅዎን ወደ ውስጥ ቢያጥፉ፣ በእጅ አንጓዎ መካከል ብቅ የሚል ቀጭን ገመድ ሊያዩ ይችላሉ፤ የተወሰደው ያ ነው። ከሰው ሁሉ ጥቂቱ ጭራሹኑ የለውም፤ ያለውም ሰው ቢያጣው እጁ ሥራውን አያቆምም። ሐኪሙ የመሳካት ዕድሉን ከመቶ አንድ ብለው ገምተው ነበር። ቶሚ ጆን 1975ን ሙሉ ተቀምጦ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። በሙያው ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጡ ናቸው። ቀዶ ጥገናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ ሲነገር የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ቶሚ ጆን ፈጣን ወርዋሪ አልነበረም። ኳሷን ወደ ታች እያሰመጠ፣ መቺው መሬት ላይ እንዲመታት እያደረገ የሚያሸንፍ ሰው ነበር። አዲሱ ጅማቱ ያን ያህል ዓመት የቆየለት በጆብ እጅ ብቻ ሳይሆን በአወራወሩም ጭምር ነው ብዬ አስባለሁ። የእሱ ስም ግን ዛሬ እያንዳንዱን ኳስ እስከ መጨረሻው የክንዱ ኃይል ለሚወረውር ትውልድ እንደ ዋስትና ያገለግላል። «ቢበጠስም ይጠገናል» የሚለው እምነት ወደ ልጆች ሳይቀር ወርዷል። በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ፣ ጉዳት በሌለበት ክርን ላይም ቢሆን ችሎታን ለማሳደግ ቀዶ ጥገናው መደረግ አለበት ብለው እንደሚያምኑ አሳይቷል። የጤነኛ ሰውን ጤነኛ ክርን በቢላ መክፈት ማለት ነው! ይህ ሲነበብ ያስደነግጣል። በርግጥ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው የዋናው ሊግ ወርዋሪዎች ከአምስቱ አራቱ ገደማ ይመለሳሉ። ሁለተኛው ላይ ግን ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል፤ የሁለተኛ ጊዜ ታካሚዎችም እየበዙ ነው። ዲግሮም አንዱ ነው፤ በ2018 እና በ2023 የታከመው ሾሄይ ኦታኒም ሌላው።

ብዙ የአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ በሚኖርባት በዋሽንግተንና አካባቢዋ የስቲቨን ስትራስበርግን ስም የማያውቅ የቤዝቦል ተመልካች የለም። በ2009 ከአገሪቱ ልጆች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ተመረጠ፤ በጁን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን አሰናበተ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ጅማቱ ተበጠሰ። በ2012 ክለቡ ናሽናልስ ክንዱን ለማዳን ሲል የወረወረው ዙር 160 ሊሞላ ሲል አስቆመው፤ ለዋንጫ በሚደረገው የመጨረሻ ምዕራፍ ሳይሰለፍ ቀረ፣ ክለቡም ተሸነፈ። ያ ውሳኔ ዓመታት አከራክሯል። በ2019 ናሽናልስ ሻምፒዮን ሲሆን የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ እሱ ነበር፤ በዚያው ዓመት የ7 ዓመት የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2024 በይፋ ተሰናበተ። የክለቡ ጥንቃቄ ከልብ የመነጨ ነበር። ግን የተቆጠበው የዙሩ ብዛት እንጂ የኃይሉ መጠን አልነበረም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ዙር መቁጠር ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይቆጥራል።

በጃፓን በጁላይ 2019 የሆነውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። ሮኪ ሳሳኪ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ17 ዓመቱ 163 ኪሎ ሜትር ወርውሮ አገሩን አስደምሟል። ትምህርት ቤቱ ከብሔራዊው ውድድር አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ልጁ በዋዜማው ጨዋታ 129 ኳሶች ወርውሯል። አሠልጣኙ በፍጻሜው ሳያሰልፉት ቀሩ፤ ትምህርት ቤቱ 12 ለ 2 ተሸነፈ። ለትምህርት ቤቱ የቁጣ ስልክ ጎረፈ። ለጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ቤዝቦል ያ ውድድር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው የውሳኔው ክብደት ይገባዋል። በቀጣዩ ዓመት በጃፓን አንድ ተማሪ በሳምንት ከ500 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ተደነገገ። ሳሳኪ በ2022 19 መቺዎችን ያሰናበተበት፣ አንድም ተጋጣሚ የሜዳው የመጀመሪያ ማዕዘን ላይ እንኳ ያልደረሰበት ፍጹም ጨዋታ ወረወረ፤ በ2025 ወደ ዶጀርስ መጣ። በዚያው ዓመት ትከሻውን ታመመ። ስለዚህ ጥንቃቄ ሁሉን ያድናል አልልም። ያ አሠልጣኝ ግን ሊያገኝ ከሚችለው ዋንጫ ይልቅ የልጁን ክንድ ያስቀደመ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከዋናው ሊግ ይልቅ በሰፈር ሜዳ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም ብዙው ጉዳት እዚያ ይጀምራል። በ2015 በወጣ ጥናት ከ2007 እስከ 2011 በአሜሪካ ይህ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ነበሩ። ሌላ፣ ልጆችን ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ በዓመት ከ100 ዙር በላይ የወረወረ ልጅ ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድሉ 3.5 እጥፍ እንደሚሆን አግኝቷል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጃቸው ጎበዝ ወርዋሪ ሆኖ በአንድ ወቅት ለሁለት ቡድን እንዲጫወት ሲጠየቁ ይህንን ቁጥር ያስታውሱ። የሊጉና የአገሪቱ የቤዝቦል አካል በጋራ ያወጡት መመሪያ ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት አራት ወር ከውርወራ እንዲያርፍ ይመክራል። ወርዋሪ የሆነ ልጅ ተቀባይም እንዳይሆን ያሳስባል፤ ተቀባዩም በየውርወራው ኳሷን መልሶ ይወረውራልና። ልጁ ክርኔን አመመኝ ሲል ደግሞ «ጠንክር» የሚለው ቃል ከአባት አፍ መውጣት የለበትም።

ስለ መወርወሪያ ሰዓቱ የሚደረገውን ክርክር ባጭሩ ልንካው። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው በሜዳው ላይ ሯጭ ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ይገደዳል። የተጫዋቾች ማኅበር በ2024 ጸደይ ብዙ ኮከቦች በተከታታይ ሲጎዱ ጣቱን ወደዚህ ደንብ ቀሰረ፤ ሊጉ አልተቀበለውም። የእረፍት ጊዜ ማጠር ድካምን ሊያፋጥን እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሆኖም የጉዳቱ ኩርባ ወደ ላይ መውጣት የጀመረው ከሰዓቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። ክርክሩ ሁለቱንም ወገን ከከባዱ ጥያቄ ያሳርፋቸዋል።

ከባዱ ጥያቄ ክለቦች ለምን ኃይሉን ለሚቆጥብ ወርዋሪ ዋጋ አይሰጡም የሚለው ነው። መልሱ ተተኪ ስላላቸው ነው። ከ2022 ጀምሮ ክለቦች ከ26 ተጫዋቾች 13ቱን ብቻ ወርዋሪ እንዲያደርጉ ተወስኗል፤ አንድን ተጫዋች በዓመት ከአምስት ጊዜ በላይ ወደ ታችኛው ሊግ መላክም ተከልክሏል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን 13 አሁንም ብዙ ነው። ቁጥሩ ወደ 12፣ ቀጥሎ ወደ 11 ቢወርድ አሠልጣኙ ሰባት ዙር የሚቆይለት ሰው ይፈልጋል፤ ሰባት ዙር የሚቆይ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ኳስ በሙሉ ኃይሉ መወርወር አይችልም። ጨዋታውን የከፈተው ወርዋሪ ቢያንስ ስድስት ዙር እንዲቆይ የሚያስገድድ ሐሳብም ተንሸራሽሯል። እኔ ከግዴታው ይልቅ የወርዋሪ ቁጥር መቀነስን እመርጣለሁ፤ አሠልጣኙ የደከመ ልጅን በደንብ ተገድዶ ሜዳ ላይ ከሚያቆየው፣ አስቀድሞ ሌላ ዓይነት ወርዋሪ እንዲያሳድግ ማድረግ ይሻላል። አደጋም አለው። በሙሉ ኃይል መወርወር ብቻ የተማረ ትውልድ በድንገት ረጅም እንዲወረውር ቢደረግ ብዙዎች ይጎዳሉ። ስለዚህ ለውጡ ከታችኞቹ ሊጎች ተነሥቶ፣ ዓመታት ወስዶ ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል።

ዘገም ያለ መንገድ የማይቻል እንዳልሆነ የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። በ2025 የዶጀርሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ በዋንጫው ምዕራፍ ሁለት ጨዋታዎችን በተከታታይ ብቻውን ጀምሮ ጨርሷል። ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጦር መሰል መሣሪያ በመወርወር እንጂ ከባድ ብረት በማንሣት አይታወቅም። በወርልድ ሲሪሱ ስድስተኛ ጨዋታ 96 ኳስ ወርውሮ በማግስቱ ለሰባተኛው ተመልሶ 34 መጨመሩን ግን ለማንም ወጣት በአርአያነት አላቀርብም፤ ጀግንነት ነው፣ ሊደገም የሚገባው ልማድ አይደለም።

ዲግሮምም ተመልሷል። በ2025፣ በ37 ዓመቱ፣ 30 ጨዋታ ከፈተ፤ በ2019 ከወረወረው በኋላ እንዲህ ያለ ሙሉ ዓመት አልነበረውም። 12 አሸነፈ፣ በዘጠኝ ዙር የሚሰላው ነጥቡ 2.97 ሆነ። ፈጣን ኳሱ ከ2021ዱ በአማካይ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ቀንሷል። ያ 1.08 ቀርቷል፤ በምትኩ ግን በየአምስትና በየስድስት ቀኑ ሜዳ ላይ የሚገኝ ወርዋሪ አለ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ክለቡ 185 ሚሊዮኑን የከፈለበት ሰው ይህ ነው። በክለቦቹና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል ያለው የኅብረት ስምምነት በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል። ድርድሩ በደመወዝ ጣሪያና በገቢ ክፍፍል እንደሚጠመድ አያጠራጥርም። የወርዋሪዎች ቁጥርና የታችኛው ሊግ ልጆች የማገገሚያ ዋስትና በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከገንዘቡ እኩል፣ እንዲቀርቡ ማኅበሩ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ከሌላ ወገን ማንም አይጠይቅላቸውም።